የዝናብ መዝገብና የአጎቴ ጥያቄ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል ዓመት ተምረህ ምን እንደምትሠራ አስረዳን» ብላችሁኛል። መቼም ሐኪም ሲያክም፣ መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ይታያል፤ የእኔ ሥራ ግን ለዓይን አይታይም። ከዝናቡ ስንቱ ወደ መሬት እንደሚሰርግ፣ ስንቱን ሰብልና ዛፍ እንደሚጠጣው፣ ስንቱ አፈር ይዞ ወደ ብርና ወደ ፈጣም እንደሚወርድ በኮምፒዩተር ማስላት ነው። ስሌቱ «ሞዴል» ይባላል።

ወደዚህ ሙያ የገፋኝ አጎቴ ነው። ልጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት ቦረቦር የዳጉሳ ማሳውን እኩሌታ ወሰደበት። ዳር ቆሞ «ይኼ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ደምበጫ አለች። ከደምበጫ በስተሰሜን አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። በ1984 እ.ኤ.አ. የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያካሂዱት በነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር የምርምር ጣቢያ ተቋቋመበት። የሚጠናው ተፋሰስ ስፋቱ 113 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በዚያ የዝናቡ ልክ፣ የምንጨት ወንዝ ከፍታ፣ በድፍርሱ ውኃ ውስጥ ያለው አፈር እየተለካ ተጻፈ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው ፋኛ ጁ እርከን ተሠራ።

እኔም ስማር የመጀመሪያ ስሌቴን የሞከርሁት በዚህ መዝገብ ነው። ቀመሩ በአሜሪካ አገር የወጣ ነበር። ለሰኔ ብዙ ጎርፍ አወጣልኝ፤ መዝገቡ ግን ወንዙ ትንሽ ነበር ይላል። ሁለት ወር ደከምሁ። ለዕረፍት መጥቼ ለአጎቴ ብነግረው ሳቀብኝ። «በሰኔ መሬቱ ተጠምቷል፣ ይጠጣል። በነሐሴ ጠግቧል፤ ቢያካፋም ይተፋዋል» አለኝ።

ኋላ ሳነብ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ታሞ ስቴንሂስና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ዓባይ ባወጡት ጥናት ይኸንኑ በቁጥር አሳይተው አገኘሁ። በእኛ ደጋ ጎርፉ በብዛት የሚነሣው ውኃ ከጠገበው ዝቅተኛ መሬትና አፈሩ ከተራቆተው ተዳፋት ነው። ውኃው አብዝቶ የሚደፈርሰው ደግሞ በክረምት መግቢያ፣ ማሳው ታርሶ ገና ቡቃያ ሳይሸፍነው ነው።

ያን ጊዜ ለአጎቴ መልስ ያዝሁ። ማሳው ዝቅ ያለ ነው፤ በነሐሴ ከሥሩ ይጠግባል፣ ዳሩም ይናዳል። ከላይ እርከን መሥራት ይጠቅማል፤ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከታች ያለውንም ውኃ ማጠንፈፍ ያስፈልጋል። ምን ይሆናል! መልሱን ይዤ ስደርስ እኩሌታው ማሳ ከሄደ ቆይቷል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሞዴል ያለ መዝገብ ባዶ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ የአንድ ወር መዋጮ ሳይጽፍ ቢያልፍ ከርሞ ማን ያስታውሰዋል? ያልተለካ የዝናብ ቀንም እንደዚያው ነው፤ ፕሮፌሰርም አይመልሰው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየሰፈራችን አንድ የዝናብ መለኪያ እናቁም። በየጠዋቱ 3 ሰዓት አንድ ተማሪ ይለካ፣ በደብተር ይጻፍ፣ ዕድሩም ደብተሩን ይጠብቅ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ነገ ለአንድ ገበሬ መልሱን በጊዜው ያደርስ ይሆናል።