የኋላ ወንበር መደገፊያን መልሶ ስለ መግጠም



እንግዳ ለመቀበል ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከአሜሪካ የሚመጣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ይወጣል። እንግዶቹ ሦስት ከሆኑ ክብደቱ 138 ኪሎ ሊደርስ ነው። ስለዚህ የሚኒባሱ ሾፌር የኋላውን ወንበር መደገፊያ ፈትቶ ያወጣና ዕቃውን ይጭናል። ይህ ነውር የለውም። ነገሩ የሚከፋው በማግስቱ፣ መደገፊያው በችኮላ ሲመለስ ነው። ብሎኑ ይጎድላል፤ መደገፊያው በየጉድጓዱ ይንቋቋል፤ ያን ጊዜ የተጣጠፈ ካርቶን ይወተፍበታል። ካርቶኑ ድምፁን እንጂ መላላቱን አያጠፋውም።

መደገፊያው ለጀርባ ምቾት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በተሳፋሪውና በዕቃው መካከል የቆመ ግድግዳም ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ቢላተም ሻንጣው በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ይህም ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለት ከሦስተኛ ፎቅ ሰገነት የተለቀቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ ያለው ፍጥነት ነው። ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ይህ ፍጥነት ብርቅ አይደለም። በኋላው ወንበር ላይ የሚቀመጡትም ዘወትር ልጆች ናቸው።

አገጣጠሙ እንደ መኪናው ዓይነት ቢለያይም ዋናው ሥርዓት አንድ ነው። አስቀድሞ የብሎኑ ቀዳዳ ከአቧራ ይጸዳል። ቀጥሎ ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ጥቂት ጥቂት ይገባሉ፤ ሁሉም ጥርሳቸውን ሳይዙ መፍቻ አይነካቸውም። አንዱ አስቀድሞ ከጠበቀ የሌላው ቀዳዳ አልገጥም ይላልና፣ በግድ ሲያስገቡት ጥርሱ ይበላል። የጠፋውን ብሎን ከጋራዥ ጥግ በተገኘ መተካትም አይገባም፤ ውፍረቱ ቢመሳሰል እንኳ ጥንካሬው ሊያንስ ይችላል። የማጥበቂያው ልክ በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚጠብቀውም ጉልበት በሚለካ መፍቻ ነው።

የደኅንነት ቀበቶው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከመደገፊያው ኋላ ተቀርቅሮ የቀረ ቀበቶ ለተሳፋሪው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ መደገፊያው ከመቆለፉ በፊት ወደ ፊት ይውጣ። የሚታጠፍ መደገፊያ ከሆነ በግራም በቀኝም ያለው መቆለፊያ መያዝ አለበት፤ በአንዳንድ መኪኖች ቀይ ምልክት ከታየ አልተቆለፈም ማለት ነው።

መኪናው የመሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የሥምሪት ኃላፊው በርክክቡ ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ከኋላ ገብቶ የመደገፊያውን ጫፍ በግራም በቀኝም በኃይል ወደ ፊት ይሳበው። ከተነቃነቀ መኪናው ወደ ጋራዥ ይመለሳል፤ እንግዳው በሌላ መኪና ይሄዳል።