ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው
(ኩሌ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እስኪ አጥቂ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ። ይኸው፣ ሜዳው ሞላ! ተከላካዮችስ? አራት እጅ። አንዱንም ጓደኛው ገፍቶት ነው ያወጣው። ዛሬ የማወራው ለእነዚህ ለአራቱ ነው፤ ሌሎቻችሁም ብትሰሙ አይጎዳችሁም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኩሌ ገና አልተቋቋመም ነበር። ያን ቀን ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ ከእረፍት በፊት አገባች። በቃ አለቀልን ስንል፣ በመሀል ተከላካዩ በደጉ ደበበ የሚመራው ቡድን በ10 ሰው ቆመ፤ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ወጣን።

እኛ ስንጨፍር በዛምቢያ በኩል አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ፈረንሳዊ ቆሞ ነበር። ሄርቬ ሬናርድ ይባላል። ስለ እሱ ነው የምነግራችሁ።

ሬናርድ ተከላካይ ነበር። ያደገው ዚዳን በተገኘበት በካን ክለብ ነው። ዚዳን የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ሬናርድ ግን ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ እዚያው ጫማውን ሰቀለ። ስሙን የሚጠራ አልነበረም። ከዚያስ? የጽዳት ሥራ ያዘ። ሌሊት እየተነሳ ሕንጻ ያጸዳል፣ ቢሮ ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ያወጣል፤ ከዚያ ድራጊኞን የሚባለውን ትንሽ ክለብ ያሰለጥናል። ይህን ዓመታት አደረገው። በኋላ ክሎድ ለ ሯ የሚባል አንጋፋ አሰልጣኝ ረዳቱ አድርጎ ቻይና ወሰደው። እንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ ካምብሪጅ ዩናይትድን ያዘና ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። እንደገና ረዳት ሆኖ ጋና መጣ፣ ከጋና ወደ ዛምቢያ።

የካቲት 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ሊብረቪል ላይ ዛምቢያ ከኮትዲቯር ጋር ለዋንጫ ቀረበች። በ1985 የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን አውሮፕላን የወደቀው በዚሁ ከተማ አጠገብ ባሕር ውስጥ ነው፤ የተሳፈረ ሁሉ አልቋል። ተጫዋቾቹ ከፍጻሜው በፊት ባሕሩ ዳር ሄደው አበባ አኖሩ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፣ በመለያ ምት 8 ለ 7 አሸነፉ። የመጨረሻዋን የመታው ማን ነው? ስቶፒላ ሱንዙ፣ የመሀል ተከላካይ!

እኔን ግን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። ጆሴፍ ሙሶንዳ የሚባለው ተከላካይ ጨዋታው እንደተጀመረ ተጎድቶ እያለቀሰ ወጥቶ ነበር። ሁሉም ሲሮጥ እሱ መሮጥ አይችልም። ሬናርድ ሄዶ እንደ ሕፃን አቅፎ ተሸከመውና ወደሚጨፍሩት ጓደኞቹ ወሰደው። ማን እንደቀረ ከኋላ ያየ እሱ ነው።

በ2007 ከኮትዲቯር ጋር ዋንጫውን ደገመው፤ በሁለት የተለያዩ አገሮች ያነሳ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆነ። በመሀል ወድቋል፤ ያን ከእኛ ጋር የተጫወተው ቡድኑ እኮ ከምድቡ አላለፈም።

አሁን ወደ ሜዳ ልመልሳችሁ። ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳዑዲ አረቢያን ይዞ በዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ያሸነፈው በምንድነው? በአጥቂ ብዛት አይደለም። አራቱን ተከላካዮች ወደ መሀል ሜዳ አስጠጋቸው፤ በአንድ ድምፅ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይመለሳሉ። አርጀንቲና በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ጎል አግብታ ሦስቱም ከጨዋታ ውጪ ተባለ። አንዱ ተከላካይ ግማሽ እርምጃ ቢዘገይ ኖሮ ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር። አጥቂ ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወታል፤ ተከላካይ ግን ጨዋታውን ፊት ለፊት ያያል፣ እየጮኸ ያዛል። እና ይሄ አሰልጣኝነት ካልሆነ ምንድነው?

ከጋምቤላ የወጣው ጋቶች ፓኖም ከመሀል ሆኖ እየተከላከለ በ2009 ሩሲያ ድረስ፣ አንዚ ማካችካላ ደርሷል። ደስ ይላል። ግን ልዋሽባችሁ አልፈልግም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁን ማንም መልማይ መጥቶ አያያችሁም። ሃያ ዓመት ሞላኝ፣ አለቀልኝ ብሎ ከኳስ የራቀ ልጅ ስንት አይቻለሁ። ሬናርድን በሃያ ዓመቱ አይታችሁት ቢሆን ምን ትሉት ነበር? የአሰልጣኝነት ወረቀትም ከታች፣ ከካፍ ዲ ነው የሚጀመረው፤ ከሁሉ በፊት ግን የሚሰለጥኑ ልጆች ያስፈልጋሉ፣ እነሱ ደግሞ እዚህ ሞልተዋል።

ስለዚህ እናንተ አራታችሁ፣ ስበትን አትሂዱ። ፀሐይ በረድ ሲል ትንንሾቹ ይመጣሉ፤ ሴቶቹም አሉ። ኮን የለንም፣ ድንጋይ እንደረድራለን። አራት አራት አድርጋችሁ በመስመር አቁሟቸው፣ አንዱ "ውጡ!" ሲል እኩል ይውጡ። ያን ድምፅ የሚያወጣውን ልጅ ነገ ለእኔ ታሳዩኛላችሁ።