ስለ ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና ስለ ዓይን የተደረገ ንግግር



እሁድ ለት በስብሰባው የተናገርነውን፣ ያልመጡት እንዲያነቡት ለጥፈነዋል።

ከመካከላችን አንዲት እናት የነቀርሳ መድኃኒት ጀምረው ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ቀዩን የሱፍ ማግ ከአረንጓዴው መለየት አቃታቸው። እርጅና ነው ተባለ። ቡዳ ነው ያለም አለ። እኛም ሰምተን ዝም አልን፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክኒኑን የጠረጠረ አልነበረም። ኋላ መሐል ሜዳ ወስደናቸው መድኃኒቱ ተለወጠላቸው። ዓይናቸው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራቱ የነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ ኤታምቡቶል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተገኘ፣ ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው። በጥቂት ሰው ላይ ግን ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይጎዳል። ዓይን አይቀላም፣ አያምም፤ ብዥ ይላል፣ ቀይና አረንጓዴ ይምታታል። ድሮ ሕክምናው 8 ወር በነበረ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይዋጥ ነበር። አሁን ለተለመደው ነቀርሳ 6 ወር ነው፤ ኤታምቡቶሉ ሐኪም ካላራዘመው በቀር በመጀመሪያው 2 ወር ብቻ ይሰጣል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱን የታመመ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ሽንት ቀላ ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። እሱ ከሌላው መድኃኒት፣ ከሪፋምፒሲን ነው፤ አይጎዳም። የሚያስደነግጠውን ትተን በማያስደነግጠው እንጨነቃለን!

ታዲያ ዓይኔ ደከመ ብሎ በገዛ እጅ መድኃኒት መጣል አይገባም። አራቱ ባንድ ክኒን ተደባልቀው ስለሚመጡ አንዱን ለይቶ መተው አይቻልም፤ ሁሉም ከቀረ በሽታው መድኃኒት ይለምዳል። ሐኪም ግን ኤታምቡቶሉን አውጥቶ ሌላውን ሊያስቀጥል ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ቶሎ ከተደረሰ ብዙውን ጊዜ ይድናል።

መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ዓይኑን ከድኖ፣ ከዚያም ሌላውን ከድኖ ቃሪያና ቀይ በርበሬ ይለይ። ትንሽ ልጅ ማየት አቃተኝ ብሎ ስለማይናገር እናት ትከታተል።

የመኪና ገንዘብ ያጠረው ለጸሐፊው ይንገር፤ ከማኅበሩ ሳጥን ይሰጠዋል። ሲሄድ የሕክምና ካርዱንና የቀረውን ክኒን ይያዝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ