ከጉድጓድ እስከ አጥንት፦ ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ



ስምጥ ሸለቋችን እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው። በዚያ ዓለት ውስጥ ሰርጎ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ግን ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። የስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረባት ወንጂ፣ ለዓመታት የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ከመበለዙም አልፎ አከርካሪያቸው አልታጠፍ እስከማለት መድረሱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

«ይህ ጉድጓድ 5 ሚሊ ግራም በሊትር አለው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ሲመጣ ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ወረቀቱ የሚናገረው ግን ስለ ጉድጓዱ እንጂ ስለ ጠጪው አይደለም። የተለመደው ስሌት አንድ አዋቂ 60 ኪሎ ይመዝናል፣ በቀን 2 ሊትር ይጠጣል ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ 10 ሚሊ ግራም ገባ ይባላል። ፀሐይ ላይ አገዳ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ግን 2 ሊትሩን ምሳ ሳይደርስ ሊጨርሰው ይችላል። 5 ሊትር ከጠጣ 25 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው። ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ግምገማ ደግሞ በቀን 14 ሚሊ ግራም ሲደርስ የአጥንት ጉዳት ሥጋት በግልጽ እንደሚጨምር ደምድሟል። በአንዱ ጉድጓድ አንዱ ከመስመሩ በታች፣ ሌላው ከመስመሩ በላይ!

ሕፃኑስ? 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1 ሊትር ከጠጣ፣ በኪሎ ሲሰላ የሚደርሰው ከዚያ ባለ 2 ሊትር አዋቂ እጥፍ ነው፤ ያውም ቋሚ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ዕድሜ።

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። ሊጡ የሚቦካው፣ ሽሮው የሚንተከተከው ከዚያው ጉድጓድ በተቀዳ የጄሪካን ውኃ ነው። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ሻይ ቅጠሉም የራሱን ይጨምርበታል። «በቀን ስንት ብርጭቆ ትጠጣለህ?» ብቻ የሚል መጠይቅ ይህን ሁሉ ይስታል። (ብርጭቆውም እኮ ከቤት ቤት ይለያያል።) እኔ የማምነው ቤተሰቡ ከበላው ልክ ተቀንሶ ወደ ላቦራቶሪ በሚሄድ ምግብና የ24 ሰዓት ሽንት በሚለካበት ጥናት ነው። ወጪው ይከብዳል፤ ግምቱ ግን ሰውየውን ይመስላል።

ጉድጓድ ለምትመረምሩ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ፦ ናሙናውን ቀድታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለ አንድ ቤት ግቡ፤ ጄሪካኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ለመጠጥና ለወጥ ምን ያህሉ እንደሚውል ጠይቃችሁ ከውጤቱ ጎን መዝግቡት።