ልፋት፦ ቆዳን በስፌት መኪና መስፋት ስለ ዕውቀት የሚያስተምረን



 የታሪክ መምህር ስለ ቆዳ ስፌት ሊናገር መነሣቱ ከመካከላችሁ አንዳንዶችን ማስገረሙ አይቀርም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ተረት ትዝ የሚላችሁም ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የሄድኩት ቁርበት እንዲነጠፍልኝ ሳይሆን፣ ቁርበቱ እንዴት እንደሚለፋና እንደሚሰፋ ለመማር ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት፣ ሥራ ካልያዘኝ በቀር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጅማ ከአንድ አንጋፋ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ቦርሳ፣ ቀበቶና የመጽሐፍ ማኅደር መሥራት ተምሬአለሁ። ለእኔ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው፤ ለመምህሬ ግን እንጀራ ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ንግግሬን በሦስት ክፍል አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ቆዳ በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ ስላለው ቦታ፣ ቀጥሎ ቆዳን በመኪና መስፋት ስለሚጠይቀው ዕውቀት፣ በመጨረሻም የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ከእኛ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለሚገባቸው ነገር እናገራለሁ።

ቡናው በምን ተጭኖ ወጣ?

የጅማን ታሪክ ስናስተምር ስለ ቡና ብዙ እንላለን። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ስለ ገዙት ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥትና ስለ ሂርማታ ታላቅ ገበያ እናስተምራለን። ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ከጅማ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ ወደ ሰሜን ይጓዙ እንደነበር እንናገራለን። ጭነቱ በምን ተይዞ፣ በምን ታስሮ ይሄድ እንደነበር ግን እምብዛም አንጠይቅም። እህሉና ሸቀጡ የሚገባበት ስልቻና አቅማዳ ቆዳ ነው። ጭነቱ የሚታሰርበት መጫኛ ቆዳ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ጠፍሩ፣ የስንቁ አገልግል ልባስ፣ ነጋዴው ማታ የሚተኛበት ቁርበት ሁሉም ቆዳ ነው። ያለ ቆዳ ሠራተኛው እጅ የሲራራ ንግዱ ከግቢው አይወጣም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ፋቂ ተብሎ ይናቅ ነበር። ብዙ ቦታ ከእርሱ ጋር መጋባትና ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ መብላት ነውር ሆኖ ኖሯል። ጎረቤታችን ካፋ ውስጥም ማኖ የሚባሉት ቆዳ ሠራተኞች ተመሳሳይ መገለል ደርሶባቸዋል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባሉ ሕዝቦች ዘንድ የሸክላ፣ የብረትና የቆዳ ሠራተኞች እንዴት እንደተገለሉ በዝርዝር ያሳያል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጁ ከታወጀ አንድ መቶ ዓመት ቢያልፍም፣ ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ ወጥቷል ለማለት አልደፍርም።

ቋንቋችን ግን ከእኛ የተሻለ ያስታውሳል። ቆዳ ሲታሽ፣ ሲፋቅና ሲለሰልስ ለፋ እንላለን። ሰው ሲደክምና ሲጥርም ለፋ እንላለን። የየዕለት ድካማችንን የምንጠራበት ልፋት የሚለው ቃል ከቆዳ ሠራተኛው ሥራ ጋር አንድ ግሥ ይጋራል። በምረቃ ቀን ወላጆች ለፍተን አስተማርን ሲሉ፣ የናቁትን ሰው ሙያ በቃል እየጠሩ መሆናቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

መርፌው የሚያውቀው

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 ለስፌት መኪና የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። ሲንጀር የሚለው ስም በአገራችን የመኪናው መጠሪያ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል፤ በጅማም ሆነ በአጋሮ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ያላየ ከመካከላችን የለም። ጫማ ሰፊዎች ደግሞ የጣሊያንኛ ቃላት ወርሰዋል፦ የጫማው የላይኛው ክፍል ቶማያ፣ ጫማው የሚወጠርበት ቅርጽ ፎርማ፣ ማጣበቂያው ማስቲሽ ይባላል። የአንድ ሙያ መዝገበ ቃላት ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው።

ጨርቅና ቆዳ በመርፌ ፊት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ጨርቅ የክር ድርና ማግ ስለሆነ መርፌው በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ ስፌቱ ቢፈታም ቀዳዳው መልሶ ይጋጠማል። ቆዳ ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ ተበሳ ነው። ስለዚህ ቆዳ ሰፊ በጨርቅ ላይ እንደሚደረገው በስፒል አያያይዝም፤ ጠርዙን በማስቲሽ ያጣብቃል ወይም በመቆንጠጫ ይይዛል። ጫፉ ቢላዋ መሰል የሆነ የቆዳ መርፌ ይመርጣል። ስፌቱንም አያጠጋጋም። ለቦርሳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስፌት ተስማሚ ነው፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ቀዳዳዎቹ እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዝ ይደረደሩና ቆዳው በራሱ ስፌት ላይ ይቀደዳል። ጠንካራ ይሁን ተብሎ የበዛ ስፌት ቆዳውን ያደክመዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ አካሄድ ነው። ተራ የልብስ መኪና ጨርቁን የሚገፋው ከሥር ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። ቆዳ ግን ከላይ በሚጫነው እግር ላይ ይያዛል፤ የታችኛው ንብርብር ሲራመድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠርዞች አይገናኙም። ለቆዳ የተሠሩ መኪኖች መርፌው፣ እግሩና የሥሩ ጥርስ አብረው እንዲራመዱ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። ያን መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው በቆዳውና በእግሩ መካከል ስስ ወረቀት አስገብቶ ይሰፋና ወረቀቱን ኋላ ይቀድደዋል። ማዕዘን ላይ ሲደርስ መርፌውን ቆዳው ውስጥ እንደተከለ ያቆማል፣ እግሩን ያነሣል፣ ሥራውን ያዞራል፤ ከዚያም የመኪናውን መንኰራኵር በእጁ እያዞረ ጥቂት ይራመዳል። ስፌቱን ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ደጋግሞ አይሰፋም፤ የክሩን ጫፍ ወደ ጀርባ ስቦ ይቋጥራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቋጠሮው ነው። መኪና የሚሰፋው ከላይና ከታች በሚመጡ ሁለት ክሮች ነው። የሁለቱ መገናኛ በቆዳው ውፍረት መካከል መደበቅ አለበት። ከላይ ከታየ የላይኛው ክር ተወጥሯል፤ ከታች ከታየ ላልቷል። በእጅ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ በሁለት መርፌ የሚሰፋው ስፌት ግን የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ክሩ ሁለት ጊዜ ያልፋል። አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ይቆያል። የመኪናው ስፌት ሲበጠስ ተከታትሎ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ረጅሙን ጠርዝ በመኪና፣ ሸክም የሚያርፍበትን የማንገቻ ሥር በእጅ ይሰፋል። አዲሱ አሮጌውን አልሻረውም፤ ሥራ ተከፋፈሉ እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቆዳውን ማንበብ አለ። የእንስሳው ጀርባ ጥብቅ ነው፤ የሆዱ ክፍል ይለጠጣል። ቀበቶ ከሆድ የቆረጠ ሰው ወራት ሳያልፉ ቀበቶው ረዝሞ ያገኘዋል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ በክረምት በላስቲክ የታሸገ ቆዳ ይሻግታል፤ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መሰቀል አለበት። መምህሬ ይህን በዓይናቸው አይመዝኑም፤ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ።

የዕውቀቱ ባለቤት ማነው?

ውድ ተማሪዎች፤

በኮንሶ ሴቶች፣ በጋሞ ደግሞ ወንዶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከድንጋይ በተፈለጠ መፋቂያ ቆዳ ይፍቁ ነበር። የዓለም አርኪዮሎጂስቶች የጥንቱን ሰው የድንጋይ መሣሪያ ለመረዳት መጥተው እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ሠፈራቸው የናቃቸው ሠራተኞች ለዓለም ሳይንስ መምህራን ሆነዋል። እኛ በአቅራቢያችን ያለን ሰዎች የእነርሱን ያህል አልጠየቅንም።

አንድ ተማሪዬ ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ቤተሰቡ ሥራ በጻፈው አጭር ጽሑፍ አባቱን ነጋዴ ብሎት ነበር። ከተመረቀ በኋላ አግኝቶኝ፣ አባቱ ቆዳ ሠራተኛ እንደሆነና ያን ቃል በክፍል ጓደኞቹ ፊት ማንበብ እንዳልቻለ ነገረኝ። ያን ወጣት ዝም ያሰኘው የእኛ የመማሪያ ክፍል ነው። እኔ ዛሬ ቆዳ እሰፋለሁ ስል ታጨበጭቡልኛላችሁ፤ ዶክተሩ ምን ዓይነት ትጉህ ሰው ነው ትላላችሁ። የዚያ ልጅ አባት ያንኑ ሲሠራ ግን ጭብጨባ አላገኘም። የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ክብሩን ከሌላ ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ግን ክብሩን ከሥራው ማግኘት ነበረበት።

ጥፋቱ የክብር ብቻ አይደለም፤ የሀብትም ነው። የኢትዮጵያ የፍየል ሌጦ ባቲ፣ የበግ ሌጦ ደግሞ ሰላሌ እየተባለ በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ከአረፋ፣ ከመስቀልና ከፋሲካ በኋላ የተጣለ ቆዳ በየመንገዱ ሲበሰብስ እናያለን። ቆዳ በታረደ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ይበላሻል፤ ሲገፈፍ ቢላዋ ከነካው ዋጋው ይወድቃል፤ እከክ የጎዳው ሌጦ ላይ ደግሞ ጠባሳው ከለፋም በኋላ ይታያል። እነዚህ ሦስቱም በዕውቀት የሚታረሙ ናቸው። የእንስሳት ሕክምናው፣ የምሕንድስናው፣ የኢኮኖሚው፣ የማኅበረሰብ ጥናቱ ክፍል ሁሉ የሚነካቸው ጉዳዮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲያችን በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርቱ ይታወቃል፤ ማኅበረሰብ ስንል ጫማ ሰፊውም ውስጡ አለ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከባለሙያ የምንማር ሁሉ እንደ ማንኛውም ትምህርት የትምህርቱን ዋጋ እንክፈል። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ጊዜ ለእርሳቸው ከገበያ የተቀነሰ ሰዓት ነው። እኛም የሠራነውን ከእርሳቸው ዋጋ በታች አንሽጥ፤ ደመወዝ ያለው ሰው በርካሽ ሲሸጥ ደመወዝ የሌለውን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡና በሊሙ ገነት የሚገኙ ቆዳና ጫማ ሠራተኞችን ቃላት፣ መሣሪያና የሕይወት ታሪክ፣ በፈቃዳቸውና ከፈለጉም በስማቸው፣ ይመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ባለሙያዎቹ ወደ መማሪያ ክፍላችን በመምህርነት ይጋበዙ፤ ለክፍሉ በር እንደ ማንኛውም ተጋባዥ መምህር ይነሣላቸው።

ከመምህሬ ብዙ ተምሬአለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር በእጄ ገብቷል፦ ቆዳ ይቅርታ የማያውቅ ቁስ ነው፤ ከመበሳቱ በፊት ማሰብ ይጠይቃል። በሰው ላይ የምንናገረው ቃልም እንደዚያው ነው። ክሩ ቢመዘዝም ቀዳዳው ይቀራል።