በአውራ ጣት የተጠና ቁጥር

ስለ ሕክምና እንድናገር ነበር የተጋበዝኩት፤ እኔ ግን ስለ ስልክ ቁልፍ ላወራ ነው። ታገሱኝ።

በ2005 ዓ.ም. ኮንጋ ነበርኩ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለው የቡና አገር። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አንድ አባወራ ነው፤ ሚስቱ ቤት ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏል። ማህፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ይዘን ሮጥን፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ዲላ። ተረፈች።

ሲነጋ ነው ሰውየው ፊደልም ቁጥርም እንደማያነብ ያወቅኩት። ታድያ እንዴት ደወልክ? አልኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥሬን ለአውራ ጣቱ አስጠንታዋለች። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ከታች መሃሉን፣ ቀጥሎ ከፍ ብሎ በስተቀኝ ያለውን...» እያለ ሳያይ አሳየኝ። ምልክቱ 5 ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ናት።

ነገሩ አልወጣልኝ ብሎ የቁልፉን ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። የድሮውን የሚሽከረከር ስልክ እዚህ ያለን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ በሰከንድ 10 ምት ስለሚልክ 0 ብቻዋን አንድ ሰከንድ ትፈጅ ነበር፣ ጣት ማዞሪያውን ሳይጨምር! በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ጆን ካርሊን የሚባል፣ ጆሃንስበርግ የተወለደ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ቁልፎቹ እንዴት ይደርደሩ ለሚለው ጥያቄ ቡድኑ ሰዎችን አስቀምጦ አስደወለ። በክብ፣ በሁለት ረድፍ፣ እንደ ሂሳብ ማሽን 7ን ከላይ አድርጎ፣ ብዙ ዓይነት ተሞከረ፤ ፍጥነትና ስህተት ተለካ። በጥሩዎቹ መካከል ልዩነቱ ጥቂት ነበር እኮ! ቢሆንም 1 ከላይ በግራ፣ 0 ከታች መሃል ያለው ተመረጠ። ኅዳር 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) ፔንሲልቬንያ ውስጥ ለደንበኞች ቀረበ። ኮከቧና መሰላሏ ቆይተው ነው የመጡት። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ ባንዴ ያሰማል፤ አንዱ የረድፉ፣ አንዱ የዓምዱ። ዛሬ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» የሚባለውም በዚሁ ድምፅ የተጀመረ ነው።

እኔ አሁን ነፍሰ ጡር ስትመጣ ቁጥሬን በወረቀት ብቻ አልሰጥም። ባልየውን ጠርቼ፣ ዓይኑን አስጨፍኜ ሦስት ጊዜ አስደውለዋለሁ። ችግሩ፣ ዘንድሮ ብዙው ስማርት ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መስታወቱ ልሙጥ ነው፣ 5ን በጣት ማግኘት አይቻልም። የኮንጋው አባወራ ልጁ አዲስ ስልክ ገዝቶለት አሮጌውን ባለቁልፉን ግን ትራሱ ሥር አስቀምጦታል አሉ።