የአንድ ዓይን ሀብት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። ገቢዋን በአንድ የምድር ሀብት ላይ ያንጠለጠለች አገርስ ሁለተኛ ዓይን የምታገኘው በምን መንገድ ነው? ዛሬ ልንነጋገርበት የመጣነው ይህን ነው።

ናይጄሪያን እንመልከት። ቀድሞ በካኖ ከተማ የኦቾሎኒ ጆንያ እንደ ፒራሚድ ይከመር ነበር፤ ከምዕራቡ ክፍል ካካዎ፣ ከምሥራቁም የዘንባባ ዘይት ወደ ውጭ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በኦሎይቢሪ ነዳጅ ዘይት ተገኘ። ገንዘቡ ሲጎርፍ እርሻው ተዘነጋ፤ ክምሩም ከካኖ ጠፋ። በ2014 የነዳጅ ዋጋ በወደቀ ጊዜ አገሪቱ ተናጋች፤ በ2016ም ጠቅላላ ምርቷ ቀነሰ።

መንግሥቱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2003 አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን የሚረዳ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ2011 ደግሞ ወጣቶችን በንግድ ዕቅድ አወዳደረ፤ 24,000 ያህል አመልክተው 1,200 አሸነፉ፤ እያንዳንዳቸውም በአማካይ ወደ 50,000 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጠና፣ ካላሸነፉት ይልቅ ሥራቸውን ይዘው የቆዩትና ብዙ ሠራተኛ የቀጠሩት እነርሱ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ለሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ በሌጎስና በአቡጃ ሌላ ፈተና ተደረገ። ለአንዳንዱ ነጋዴ የክፍል ትምህርት፣ ለአንዳንዱ አማካሪ፣ ለሌላው ደግሞ ሒሳቡን የሚይዝለት ወይም ገበያ የሚያፈላልግለት ባለሙያ ተሰጠው። ባለሙያ ያገኘው ትምህርት ካገኘው በለጠ፤ አማካሪ ካገኘውም አላነሰ፤ ወጪው ግን የአማካሪው ግማሽ ነበር። ባለሱቁ ሻጭም፣ ሒሳብ ያዥም፣ ጠበቃም እንዲሆን መጠበቅ ከንቱ ድካም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአገራችን የውጭ ንግድ ስንት ዘመን በቡና ላይ ተደግፎ እንደኖረ፣ የቡና ዋጋ በወደቀ ቁጥርም ምን እንደደረሰብን እናውቃለን። እኛ የተማርነው ግን ነጋዴውን ስንረዳ የሚቀናን ንግግር ማድረግ ነው። አናጢው ንግግር አልቸገረውም፤ የቸገረው የዱቤ መዝገቡን የሚያስተካክልለት፣ ለባንክ የሚያቀርበውን ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ነው። ይህን ለመሥራት የምናፍር ከሆነ የተማርነው ለማን ነው?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን በሠፈራችን የአንድ አነስተኛ ድርጅት መዝገብ እንያዝ፤ መምህራኖቻችንም ሥራችንን ይመርምሩልን። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።